ዘፈን ወደ ኮምፒዩተር ማስገባትና ሲዲ በርን ማድረግ፦ የቱ መንገድ ይሻላል?

ብዙ ሰው ካሴቱንና ሲዲውን ወደ ኮምፒዩተር ላስገባ ሲል መጀመሪያ የሚጠይቀው «የቱን ፕሮግራም ላውርድ?» ብሎ ነው። ጥያቄው ክፉ አይደለም፤ ቦታው ግን መጨረሻ ላይ ነው። ፕሮግራም በፈለጋችሁ ሰዓት ይቀየራል። መጀመሪያ መታወቅ ያለበት ዘፈኑ አሁን ምን ላይ እንዳለና በኋላ በምን እንደምታዳምጡት ነው። ለመኪና ቴፕ የሚሆነው ለስልክ ላይሆን ይችላል፤ ከካሴት የሚገባበት መንገድም ከሲዲ ከሚገባበት ፈጽሞ የተለየ ነው።

አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። ሲገባ አትሰስቱ፤ ሲወጣ እንዳመቻችሁ። ኮምፒዩተሩ ውስጥ ምንም ያልተቀነሰለት ቅጂ ካለ፣ ለስልክ፣ ለፍላሽም ሆነ ለሲዲ የሚሆነውን ከእሱ ማውጣት የደቂቃዎች ሥራ ነው። ቦታ ለመቆጠብ ተብሎ ሲገባ ጥራቱ ከተቀነሰ ግን የተቀነሰው አይመለስም። ያለው አማራጭ ካሴቱን እንደገና መፈለግ ነው። ካሴት ደግሞ እያደር ይደክማል።

ከሲዲ ሲገባ

ቀላሉ ይሄ ነው። ሲዲ ላይ ያለው ድምፅ ቀድሞውኑ ቁጥር ነው። በሰከንድ 44,100 ጊዜ የተለካ፣ እያንዳንዱ ልኬት 16 ቢት የሆነ፣ ለግራና ለቀኝ ለየብቻ የተጻፈ ቁጥር። ኮምፒዩተሩ ይህንን መገልበጥ ብቻ ነው የሚጠበቅበት። እየተጫወተ መቅዳት አያስፈልግም፤ አንድ አልበም በጥቂት ደቂቃ ይገባል። ሲዲ ማጫወቻን በኬብል ከኮምፒዩተር ጋር አገናኝቶ መቅዳትም ይቻላል፤ ግን ጊዜ ማባከን ነው፣ ጥራቱም ይቀንሳል።

ላፕቶፓችሁ የሲዲ ማስገቢያ ከሌለው በዩኤስቢ የሚሰካ የውጭ ድራይቭ ይበቃል። ዲቪዲ የሚጽፍ ድራይቭ ሲዲም ስለሚጽፍ ሁለት መግዛት የለባችሁም።

ፕሮግራሞቹ ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው ከኮምፒዩተሩ ጋር የሚመጣው ነው። ዊንዶውስ ላይ ዊንዶውስ ሚዲያ ፕሌየር፣ ማክ ላይ ሚውዚክ የሚባለው አፕ፣ በድሮዎቹ ደግሞ አይቲዩንስ። ሲዲውን ታስገባላችሁ፣ ሴቲንግ ውስጥ ፎርማቱን (ዘፈኑ የሚቀመጥበትን የፋይል ዓይነት) ትመርጣላችሁ፣ አለቀ። ሁለተኛው ለዚሁ ሥራ ተብሎ የተሠራ ነው። ለዊንዶውስ ኤግዛክት ኦዲዮ ኮፒ፣ ለማክ ኤክስኤልዲ፣ ለሁሉም የሚሆን ደግሞ ፍሪአክ አለ።

ልዩነታቸው የሚታየው ሲዲው የተጫረ ሲሆን ነው። ተራው ፕሮግራም የተበላሸ ቦታ ላይ ሲደርስ እንደምንም ሞልቶ ሊያልፍ ይችላል። ፋይሉ ሲታይ ምንም አይመስልም። ስታዳምጡት ግን መሃል ላይ ጣ! ይላል። ኤግዛክት ኦዲዮ ኮፒ ያንኑ ቦታ ደጋግሞ ያነባል። ከዚያም ያገኘውን ውጤት ሌሎች ሰዎች ከዚያው አልበም ካወጡት ጋር በኢንተርኔት ያመሳክራል። ካልተስማማ የትኛው ዘፈን ላይ እንደሆነ ይነግራችኋል። ዋጋው ጊዜ ነው፤ ክፉኛ የተጫረ ሲዲ ሰዓታት ሊወስድ ይችላል።

እኔ ብሆን ንጹሑን ሲዲ በተራው ፕሮግራም አስገብቼ እገላገላለሁ። የተጫረውንና ሌላ ቦታ የማይገኘውን ብቻ ለጠንቃቃው እሰጠዋለሁ። መቶ ሲዲ ያለው ሰው ሁሉንም በጥንቃቄ ላውጣ ካለ ሥራው አያልቅለትም።

አንድ ነገር ግን ቸል አትበሉ፦ ስም። አብዛኛው ሲዲ ላይ የዘፈኑ ስም አልተጻፈም። ፕሮግራሙ የዘፈኖቹን ብዛትና ርዝመት አይቶ ስሙን ከኢንተርኔት ይፈልጋል። የታወቀ አልበም ከሆነ ያገኘዋል። ሰው በርን ያደረገው፣ ማለትም በኮምፒዩተር ባዶ ሲዲ ላይ የጻፈው ስብስብ ከሆነ «ትራክ 01፣ ትራክ 02» ብሎ ይተወዋል። አንዳንዴም ርዝመቱ የተገጣጠመለትን የማይገናኝ አልበም ስም ይለጥፍበታል። ስሙን እዚያው አስተካክሉት። «በኋላ» የተባለ ፎልደር እንደዚያው ይቀራል።

ፎርማት፦ ዌቭ፣ ፍላክ ወይስ ኤምፒ3?

የአንድ ሰዓት አልበም እንውሰድ። በዌቭ ከ600 ሜጋባይት በላይ ይይዛል። በፍላክ ከዚያ ግማሽ ወይም ትንሽ ከፍ ያለ። በሰከንድ 320 ኪሎቢት በሚይዝ ኤምፒ3 ወደ 144 ሜጋባይት፣ በ128 ኪሎቢት ደግሞ ከ60 ያነሰ።

ዌቭ ሲዲው ላይ ያለውን እንዳለ ያስቀምጣል። ችግሩ ቦታ መብላቱ ብቻ አይደለም። የዘፋኙንና የአልበሙን ስም ፋይሉ ውስጥ ብትጽፉለትም ብዙ ፕሮግራም አያነበውም። ፍላክ ያንኑ ድምፅ አንድም ቢት ሳይጥል ይጨምቀዋል፣ ስሙንም በደንብ ይይዛል። ስለዚህ ለማስቀመጫ ዌቭን የምመርጥበት ምክንያት አይታየኝም። የአፕል ዕቃ ብቻ የምትጠቀሙ ከሆነ አላክ የሚባለው የእነሱ ፎርማት ተመሳሳይ ሥራ ይሠራል። ከአላክ ወደ ፍላክ፣ ከፍላክ ወደ አላክ መቀየር ምንም አይጎዳም።

ኤምፒ3 ሌላ ታሪክ ነው። ጆሮ ብዙም አይሰማውም የተባለውን እየጣለ ነው የሚያሳንሰው። በ320 ኪሎቢት አብዛኛው ሰው ከሲዲው መለየት አይችልም። በ128 ግን የጸናጽልና የጭብጨባ ድምፅ ውሃ ውሃ ሲል ይሰማል። ኤኤሲ የሚባለው ሌላው የሚያሳንስ ፎርማት በተመሳሳይ መጠን ትንሽ ይሻላል። ቢሆንም ኤምፒ3ን የማያጫውት ዕቃ ማግኘት ስለሚከብድ ለመኪናና ለድሮ ማጫወቻ አሁንም እሱን እመርጣለሁ። የዊንዶውሱ ደብልዩኤምኤ ተመርጦ ካገኛችሁት ቀይሩት፤ ከዊንዶውስ ውጭ ብዙ ቦታ አይሠራም።

ኤምፒ3ን ወደ ፍላክ መቀየር ፋይሉን ያወፍረዋል እንጂ የተጣለውን ድምፅ አይመልስም። ፍላክ ነው ተብሎ የተሰጣችሁ ፋይል ድሮ ኤምፒ3 የነበረ ሊሆን ይችላል፤ መጠኑ አያታልላችሁ።

ካሴትና ሸክላ

እዚህ ላይ አቋራጭ የለም። የ60 ደቂቃ ካሴት 60 ደቂቃ ይፈጃል። ሸክላም እንደዚያው። ስለዚህ ከሁሉ የሚያስከፋው ሁለት ጊዜ መቅዳት ነው። አንዴ በደንብ ተዘጋጁና አንዴ ቅዱት።

ሦስት መንገድ አለ። የመጀመሪያው ያላችሁን ቴፕ በኬብል ከኮምፒዩተሩ የድምፅ መግቢያ ጋር ማገናኘት ነው። ዴስክቶፕ ከሆነ ከኋላው ሰማያዊው ቀዳዳ የመግቢያ መስመር ነው፣ ሮዙ ማይክ ነው፣ አረንጓዴው መውጫ ነው። ሰማያዊው ላይ ሰኩ። ሮዙ ላይ ከሰካችሁት ኮምፒዩተሩ ከማይክ የሚመጣ ድምፅ ሁሉ ደካማ ነው ብሎ ስለሚያጎላው ድምፁ ይሰነጠቃል። ላፕቶፖች ላይ አብዛኛውን ጊዜ ያለው አንድ ቀዳዳ ብቻ ነው። እሱም በመግቢያ በኩል የማይክ ነው፣ ግራና ቀኝን አይለይም። ለላፕቶፕ ሁለተኛው መንገድ ይሻላል፦ የድምፅ መስመር መግቢያ ያላት ትንሽ የዩኤስቢ መሣሪያ። ስትገዙ ማይክ ብቻ እንዳትሆን አረጋግጡ፤ «ስቴሪዮ» እና «ላይን ኢን» የሚል ይኑርባት።

ሦስተኛው በዩኤስቢ በቀጥታ የሚሰካ ካሴት ማጫወቻ ነው። ምቹ ነው፣ ኬብል አያምታታም። ነገር ግን ርካሾቹ ውስጥ ያለው ሞተር ፍጥነቱ አይጸናም፤ ረጅም የክራር ወይም የፒያኖ ድምፅ ሲንቀጠቀጥ ይሰማል። ቤታችሁ በደህና የሚሠራ የድሮ ትልቅ ቴፕ ካለ እሱን ከዩኤስቢ መሣሪያዋ ጋር ማጣመር ይበልጣል። ስልክ ስፒከሩ አጠገብ አስቀምጦ መቅዳት የሚባለውን አማራጭ አልቆጠርኩትም። የበሩ ጩኸትም አብሮ ይገባል።

ከመቅዳታችሁ በፊት የቴፑን ሄድ (ከካሴቱ ክር ድምፁን የሚያነበውን ክፍል) በአልኮል በተነከረ የጆሮ ጥጥ ጥረጉት። ቡናማ ነገር ከወጣ ሥራው ተገቢ ነበር። ለረጅም ጊዜ ያልተነካ ካሴት ከሆነ አንዴ እስከ መጨረሻው አስኪዱትና መልሱት፤ የተጣበቀው ይላቀቃል። የካሴቱ ጀርባ ላይ ያሉት ሁለት ትናንሽ ጥርሶች መሰበራቸውንም እዩ። ካልተሰበሩ አንድ የተሳሳተ ቁልፍ ዘፈኑን ይደመስሰዋል። ዶልቢ (የሹሹታ መቀነሻ) የሚል ማብሪያ ካለ ካሴቱ ሲቀዳ የነበረው ላይ አድርጉት። ያለ ዶልቢ የተቀዳውን በዶልቢ ካጫወታችሁት ድምፁ ይታፈናል።

አንዳንድ ካሴት ሌላ ቴፕ ላይ ስለተቀዳ በእናንተ ቴፕ ሲጫወት ብርድ ልብስ የለበሰ ይመስላል። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ የሄዱ አቀማመጥ ነው። ሄዱ አጠገብ ያለች አንዲት ትንሽ ብሎን አለች። ካሴቱ እየተጫወተ በቀጭን ካቻቪቴ እጅግ በትንሹ ወደ ግራና ቀኝ ስታዞሯት «ስ» እና «ሽ» የሚሉት ድምፆች ድንገት ጥርት ብለው የሚወጡበት ቦታ አለ። እዚያ ተዋት። ከጨረሳችሁ በኋላ ወደ ነበረችበት መመለስ እንድትችሉ መጀመሪያ ምልክት አድርጉባት። በኮምፒዩተር ኢኳላይዘር (ቀጭንና ወፍራም ድምፅ ማስተካከያ) ይህንን አታገኙትም፤ ሄዱ ያላነበበውን ማንም አይጨምረውም።

ለመቅጃ ኦዳሲቲ ይበቃል፤ በነፃ ነው፣ በዊንዶውስም በማክም በሊኑክስም ይሠራል። 44,100 ላይ አድርጉት፣ ስቴሪዮ ምረጡ። ከዚያ ካሴቱ ውስጥ ጩኸቱ የበረታበትን ቦታ ፈልጋችሁ አጫውቱና የድምፅ መለኪያውን እዩ። አረንጓዴው መስመር በከፍተኛው ሰዓት ከዜሮ በታች 6 ዴሲቤል አካባቢ ይቁም። ዜሮን ከነካ ሞገዱ አናቱ ይቆረጣል፤ ሜዳ ሆኖ ይታያችኋል። የተቆረጠ አናት መልሶ አይበቅልም። ዝቅ ብሎ የተቀዳ ግን በኋላ ከፍ ይደረጋል። ስለዚህ ጥርጣሬ ካለ ወደ ዝቅተኛው አድሉ።

ዘፈን በሌለበት «እምምም» የሚል ድምፅ ከተሰማ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ከኤሌክትሪኩ ነው። ላፕቶፕ ከሆነ ቻርጀሩን ንቀሉና በባትሪ ሞክሩ። ብዙ ጊዜ እዚያው ይጠፋል።

ሸክላ ከሆነ አንድ ተጨማሪ ዕቃ አለ። ሸክላ ሲቀረጽ ወፍራሙ ድምፅ ዝቅ፣ ቀጭኑ ከፍ ተደርጎ ነው። ይህንን መልሶ የሚያስተካክለውና ደካማውን የመርፌ ድምፅ የሚያጎላው የፎኖ ማጉያ ነው። ያለ እሱ በቀጥታ ከሰካችሁ ቤዝ የሌለው፣ ከሩቅ የሚመጣ የሚመስል ድምፅ ትሰማላችሁ። አንዳንድ ማጫወቻ ማጉያው ውስጡ አለ፤ ከኋላው «ፎኖ» እና «ላይን» የሚል ማብሪያ ካያችሁ «ላይን» ላይ አድርጉት።

የካሴቱን አንድ ገጽ በአንድ ረጅም ፋይል ቅዱት፣ በኋላ በየዘፈኑ ቁረጡት። ሹሹታውን የሚያጠፋውን ኢፌክት አታብዙበት። ትንሽ ሹ ያለበት የድሮ ዘፈን ይደመጣል፤ ሹሹታው በግድ የተፋቀበት ዘፋኝ ግን ቆርቆሮ ውስጥ የገባ ይመስላል። ያልተነካውን ቅጂ በፍላክ አስቀምጡ፣ የምታጸዱት ኮፒውን ይሁን።

የኦዲዮ ሲዲ ወይስ የኤምፒ3 ሲዲ?

ሲዲ በርን ማድረግ ላይ ከሁሉ በላይ ሰው የሚምታታበት ይሄ ነው። ሁለቱም የሚጻፉት አንድ ዓይነት ባዶ ሲዲ ላይ ነው። የሚጻፈው ነገር ግን ሌላ ነው።

የኦዲዮ ሲዲ ከሱቅ እንደሚገዛው ነው። የትኛውም ጤነኛ ሲዲ ማጫወቻ ያነበዋል። 80 ደቂቃ ይይዛል፤ ከ99 ዘፈን በላይ አይቀበልም። ያስገባችሁት ፋይል ኤምፒ3 ቢሆን እንኳ ፕሮግራሙ ፈትቶ ነው የሚጽፈው። ስለዚህ ፋይሎቹ ትንሽ በመሆናቸው ተጨማሪ ዘፈን አይገባም። የሚቆጠረው ደቂቃ ነው። አንዳንዱ ደግሞ በተቃራኒው ይደነግጣል፦ ዌቭ ፋይሎቹ 780 ሜጋባይት ናቸው፣ ሲዲው «700» ይላል። አትደንግጡ፣ ይገባል። ተራ ፋይል ሲጻፍ ሲዲው ከቦታው ላይ የተወሰነውን ለስሕተት ማረሚያ ያስቀራል፤ ለኦዲዮ ሲጻፍ ያንን ቦታ ለድምፁ ይለቀዋል።

የኤምፒ3 ሲዲ ፋይል የተሞላ ሲዲ ነው። በ192 ኪሎቢት ስምንት ሰዓት ያህል ሙዚቃ ይይዛል። ፎልደር መሥራት ይቻላል፣ የዘፈኑም ስም ይታያል። ግን «ኤምፒ3» የሚል ጽሑፍ የሌለው የድሮ ማጫወቻ ወይ ዝም ይላል፣ ወይ «ዲስክ የለም» ይላችኋል። በግዕዝ ፊደል የጻፋችሁት ስምም በብዙ የመኪና ቴፕ ላይ ሳጥን ሳጥን ሆኖ ይመጣል። ለእነዚያ የፋይሉ ስም ፊት 01፣ 02 እያላችሁ ቁጥር ስጡ።

ዊንዶውስ ላይ ባዶ ሲዲ ስታስገቡ እንደ ፍላሽ ልትጠቀሙበት ነው ወይስ በሲዲና ዲቪዲ ማጫወቻ ልታጫውቱት ነው ብሎ ይጠይቃል። ሁለተኛውን ምረጡ። የመጀመሪያው ለሌላ ኮምፒዩተር እንጂ ለማጫወቻ የማይመች አጻጻፍ ነው። ይህም ሆኖ እዚያ ላይ ፋይል ጎትቶ መጣል የኦዲዮ ሲዲ አይሰጣችሁም፤ የሚሰጣችሁ የኤምፒ3 ሲዲ ነው። የኦዲዮ ሲዲ የሚጻፈው ከሚዲያ ፕሌየር የበርን ገጽ ወይም ለበርን ከተሠራ ፕሮግራም ውስጥ «ኦዲዮ ሲዲ» ሲመረጥ ነው። «ጽፌዋለሁ፣ ኮምፒዩተሬ ላይ ይሠራል፣ ቴፑ ግን አያነበውም» የሚለው ስሞታ አብዛኛው ከዚህ ይመጣል።

ምርጫዬ፦ ለሰው የምትሰጡት፣ ማጫወቻውን የማታውቁት ከሆነ ኦዲዮ። ለራሳችሁ መኪና፣ ኤምፒ3 እንደሚያነብ ካረጋገጣችሁ ኤምፒ3።

ኦዲዮ ስትጽፉ በዘፈኖቹ መሃል የሁለት ሰከንድ ዝምታ የሚያስገባ አጻጻፍ አለ። ለስብስብ ግድ የለም። የመድረክ ኮንሰርት ወይም ሳይቋረጥ የሚሄድ መዝሙር ከሆነ ግን ጭብጨባው መሃል ላይ ቆረጥ እያለ ያናድዳል። ፕሮግራሙ ላይ ሲዲውን ሳያቋርጥ በአንዴ የሚጽፈውን «ዲስክ አት ዋንስ» የሚለውን ምረጡ፣ ክፍተቱንም ዜሮ አድርጉ። ለዚህ ፍላኩን ተጠቀሙ። ኤምፒ3 በራሱ ፋይሉ ጫፍ ላይ ትንሽ ዝምታ ስለሚጨምር ክፍተቱን ዜሮ ብታደርጉም ሊሰማ ይችላል።

ከኦንላይን ማዳመጫ አፕ «ዳውንሎድ» ያደረጋችሁትን ዘፈን ግን ሲዲ ላይ እጽፋለሁ አትበሉ። ፋይሉ የተቆለፈ ነው፣ ከአፑ ውጭ አይከፈትም።

ባዶው ሲዲ

ሲዲ-አር አንዴ ይጻፋል። ሲዲ-አርደብልዩ እየተደመሰሰ ይጻፋል። ሁለተኛው ቆጣቢ ይመስላል፤ ለሙዚቃ ግን አልመክረውም። ብርሃን የሚመልሰው በጣም ጥቂት ስለሆነ የድሮ ማጫወቻ አያየውም። ለሙከራ ይሁናችሁ። «ለሙዚቃ» ተብሎ የሚሸጠው ሲዲ-አር የሚያስፈልገው ያለ ኮምፒዩተር በራሱ ለሚቀዳ የቤት ሲዲ መቅጃ ነው። ኮምፒዩተር ላይ ከተራው የተሻለ ድምፅ አይሰጥም።

ፍጥነት ላይ መሃሉ ይሻላል። 52 ላይ (ከተራው የማጫወቻ ፍጥነት 52 እጥፍ) ማስሮጥ ርካሽ ሲዲ ላይ ስሕተት ያበዛል። የዛሬዎቹ ሲዲዎች 1 ወይም 2 ላይ ለመጎተትም አልተሠሩም፣ ብዙ ድራይቭም አይፈቅደውም። 16 ላይ ወይም 24 ላይ አድርጉ፤ ልዩነቱ የሁለት ሦስት ደቂቃ ነው።

ሰው ሁሉ የሚጠነቀቀው ለሚያብረቀርቀው ገጽ ነው። የሚጎዳው ግን የላይኛው ነው። ከታች ከአንድ ሚሊሜትር የሚበልጥ ፕላስቲክ አለ። ከላይ፣ ስም የምትጽፉበት በኩል፣ ድምፁ ያለበትን ንብርብር የሚሸፍነው ስስ ቀለም ብቻ ነው። እስክሪብቶ ይቧጥጠዋል። ለስላሳ ጫፍ ባለው ማርከር ጻፉ። የሚለጠፍ ወረቀት አትለጥፉ፤ ሲዲው ሚዛኑን ይስታል፣ ወረቀቱ መኪና ውስጥ በሙቀት ተላቆ ማጫወቻው ውስጥ ይቀራል። ፀሐይም ጠላቱ ነው።

ፍላሽስ?

ማጫወቻችሁ ዩኤስቢ ካለው ፍላሽ ይበልጣል፣ ክርክር የለውም። ተደምስሶ ይጻፋል፣ አይዘልም። ፍላሹ ፋት32 በሚባለው የፋይል አደራደር ፎርማት ይደረግ፤ ሌሎቹን ብዙ የመኪና ቴፕ አያነባቸውም። ሲዲ የሚያሸንፈው ዩኤስቢ የሌለው ማጫወቻ ላይ ነው፣ ለሰው በእጅ የሚሰጥ ነገር ሲፈለግም። ፍላኩን ግን ሲዲም ፍላሽም ላይ ብቻ አትተዉት። ከኮምፒዩተሩ ሌላ አንድ የውጭ ሃርድ ዲስክ ላይ ይኑር።

ሲዲውን ጽፋችሁ ስትጨርሱ በኮምፒዩተሩ ሳይሆን በሚጫወትበት ዕቃ ሞክሩት። ስትሞክሩም የመጀመሪያውን ዘፈን ሳይሆን የመጨረሻውን ክፈቱ። ሲዲ የሚጻፈው ከመሃል ወደ ዳር ነው፤ ችግር ካለ ብዙ ጊዜ የሚወጣው ዳሩ ላይ ነው።